ከአያት የተረፈ ዕቃ ስንት ያወጣል? የሰሜን ሸዋ ሣጥኖችና የ“አንቲክ” ወሬ

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ማስታወቂያ ያላየ ሰው ያለ አይመስልም። “የድሮ ሳንቲም፣ የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት ሬዲዮ፣ የስፌት መኪና በጥሩ ዋጋ እንገዛለን።” ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። አንዳንዱ “በሚሊዮን” ይላል። አንዳንዱ ፎቶ ላኩልን ይልና ከመግዛቱ በፊት “የምርመራ ክፍያ” ይጠይቃል። ወሬው ከከተማ ወደ ገጠር ለመውረድ ጊዜ አይፈጅበትም። ጠዋት ደብረ ብርሃን ቡና ላይ የተወራው ማታ መሐል ሜዳና አንኮበር ይደርሳል። በማግስቱ ከአልጋ ሥር ሣጥን ይጎተታል።

ሣጥኑ ሲከፈት ክርክሩም ይከፈታል። ይሄ ነገር ስንት ያወጣል? መሸጥስ ይቻላል? ሕገወጥ ነው የሚል አለ። የገዛ አያቴን ንብረት ማን ይከለክለኛል የሚልም አለ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው። አንድ ዕቃ ላይ የገበያ፣ የታሪክና የትዝታ ዋጋ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ሰው ስለ አንዱ እያወራ የሌላውን ቁጥር ይጠራል።

“አንቲክ”፣ ቅርስ እና የአያት ዕቃ

“አንቲክ” የገበያ ቃል ነው። በብዙ አገር ነጋዴ ዘንድ አንድ ዕቃ አንቲክ የሚባለው 100 ዓመት ሲሞላው ነው፤ የአሜሪካ ጉምሩክም ይህንኑ መለኪያ ይጠቀማል። ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ያለው፣ ግን ጊዜው ያለፈበት ዕቃ “ቪንቴጅ” ይባላል። ግራሞፎኑ፣ ባለ ትልቅ ባትሪው ሬዲዮ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እኛ ጋ ሁሉንም “አንቲካ” ብለን እንገላገላለን።

“ቅርስ” ግን ሌላ መንገድ የሄደ ቃል ነው። “ጥሪትና ቅርስ” ሲባል ሰው ያጠራቀመው፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ሀብት ማለት ነበር። ዛሬ የሕግ ቃል ሆኗል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ዕቃዎች አዋጅ ቁጥር 229 መስመሩን ያሰመረው በዓመት ነው፤ ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ከሆነ ጥንታዊ ነው፣ አለቀ። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓመት አይቆጥርም። የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብ ወይም በዕደ ጥበብ ይዘቱ ከፍ ያለ ዋጋ ካለው ቅርስ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በድሮው መስመር የአንድ አርበኛ ሜዳይ ከነምስክር ወረቀቱ ጥንታዊ አይባልም ነበር፣ በአሁኑ ቅርስ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል አንድ የድንጋይ ወፍጮ አርጅቷል ተብሎ ብቻ ቅርስ አይሆንም። ስለዚህ “ስንት ዓመቱ ነው?” የሚለው ጥያቄ፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱ ቢሆንም፣ መልሱ ብዙ ርቀት አይወስድም።

ሦስተኛው የአያት ዕቃ ነው። ገበያም ሕግም ስም አላወጡለትም። የተሰነጠቀች የቀንድ ዋንጫ፣ ክዳኑ የላላ አገልግል፣ ቀለሙ የሄደ ባና። እዚህ ቤት ትልቅ ነገር ነው፣ ለጎረቤት ግን ምንም አይደለም።

ዕቃው ከየት መጣ? ለምንስ አሁን ይወጣል?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የድሮ ዕቃ መብዛቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ከእሷ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወረድ አልዩ አምባ አለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ማለት ነው፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው ለዝርዝር፣ ጠገራ ብር ለትልቁ ክፍያ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የመጣው በዚሁ በኩል ነው፤ ጠመንጃና ሌላም ሌላም እጅ መንሻ ጭኖ። ስለዚህ ዛሬ ከአንድ ገበሬ ቤት የፈረንጅ እጅ ሥራ ቢወጣ የሚገርም አይደለም። ገርሞን “ይሄ በሚሊዮን ነው” ስንል ነው ደላላው የሚገባው።

መንዝ ሌላ ዓይነት ሀብት አለው። ማማ፣ ላሎና ጌራ በበግ የታወቁ ናቸው። ከበጉ ጠጉር ባናና ዝተት ይሠራል፤ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ጥቁሩ በርኖስ የባላባት ልብስ ነበር። ከአድዋ ትውልድ የተረፈ ጠመንጃ አለ፤ ውጅግራ፣ ስናድር፣ ለበን፣ ምንሽር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ እነ ራስ አበበ አረጋይ ጣሊያንን የተዋጉበት አገር ነው። ስለዚህ በብዙ ቤት ከዳዊቱ ጎን የአርበኝነት ሜዳይ ወይም የጣሊያን ኮዳ ይገኛል።

አሁን ለምን ይወጣል ለሚለው አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ተደረገ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚተመን ነገር ሁሉ፣ ወርቅም የድሮ ብርም፣ ሳይነቃነቅ በእኛ ገንዘብ ተወደደ።

ሁለተኛው ቤቱ ራሱ ነው። ሣር ክዳን በቆርቆሮ ተተካ፣ ጠፍር አልጋ በስፖንጅ ፍራሽ ተተካ፣ ልጆች ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ጋንና እንስራ ኮንዶሚኒየም አይገቡም። ሣሎን ውስጥ ቢቀመጡ እንኳ ቤቱን ባህል ምግብ ቤት ያስመስሉታል።

ሦስተኛው ጦርነትና መፈናቀል ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ዙሪያ ሲደርስ፣ ከዚያም ወዲህ ባለው ግጭት፣ የሸሸ ሰው ልጁን ይዞ ይወጣል እንጂ መሶብ ተሸክሞ አይወጣም። የተረፈው ይዘረፋል ወይም ይቃጠላል። የተሰደደው ደግሞ ኪሱ ውስጥ የምትገባዋን ይዞ ይሄድና ሲቸግረው ይሸጣታል። ማርትሬዛ (ጠገራ ብር)፣ የብር መስቀል፣ የእናት ድሪ ቶሎ ገበያ የሚወጡት ቀላልና ትንንሽ ስለሆኑ ነው።

የጠገራ ብር ሂሳብ

ጠገራ ብርን በቅርብ እንያት። ፊቷ ላይ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ አለች፤ ሙሉ ደረት፣ ትከሻዋ ላይ ሻሽ፣ ሻሹን የያዘ ክብ ጌጥ። ጀርባዋ ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር። ዙሪያውን ካለው ጽሑፍ ጋር 1780 የሚል ዓመት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “አያቴ የ1780 ሳንቲም አላቸው” ይባላል። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፣ ከዚያ በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ቀጠሉ። ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያና እኛ አገር ያለው ነጋዴ ሌላ መልክ ያለው ብር አልቀበልም አለ። ቪየና መታችው፣ በኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ መቱት። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ መምቻውን ከኦስትሪያ ያገኘው ለዚሁ ገበያ ብሎ ነው። ዓመቱ ዕድሜውን አይነግርም ማለት ነው። የሰማንያ ዓመቱም የሁለት መቶ ዓመቱም ግንባሩ ላይ 1780 ነው።

የድሮ ነጋዴ ይህን ያውቅ ስለነበር ዓመቱን አያይም። የጌጡን ዙሪያ ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ ዘጠኝ መሆናቸውን ያረጋግጣል፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳብሳል። ጠርዙ ላይ ጎልቶ የወጣ ጽሑፍ አለ። በሸክላ ቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ያንን ጠርዝ ጥርት አድርጎ አያወጣውም።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ። አንድ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ 23.4 ግራም ይሆናል፣ የአንድ ትሮይ አውንስ ሦስት ሩብ ማለት ነው። ትሮይ አውንስ ወርቅና ብር በዓለም ገበያ የሚመዘንበት ልክ ነው፣ 31.1 ግራም። ለምሳሌ አውንሱ 30 ዶላር ነው እንበል። በአንዲት ጠገራ ውስጥ ያለው ብር 22.5 ዶላር አካባቢ ነው። ዶላር 57 ብር ሳለ ይህ ወደ 1,280 ብር ነበር። ዶላር 130 ሲሆን ወደ 2,930 ብር ይሆናል። ሳንቲሟ አልተለወጠችም፣ የእኛ ገንዘብ ነው የተለወጠው። ከዚህ ላይ ብር በዓለም ገበያ ራሱ ተወዶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አውንሱ ከ50 ዶላር በላይ ወጥቷል። ሚዛን የያዘው ገዢ በየገበያው የበዛው በዚህ ሂሳብ ነው።

ሂሳቡ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ተራ ጠገራ በሚሊዮን አትሸጥም፤ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ጥንድ ያላት ሳንቲም ናት፣ በብዛት የተመታች። ሁለተኛ፣ በሚዛን የሚገዛው ሰው የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚሆነው መቅለጥ ነው፤ ጉትቻ ትሆናለች፣ የአንገት መስቀል ትሆናለች። የምኒልክ ብር ግን በዚህ ሚዛን መሄድ የለበትም። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ መመታት የጀመረው ይህ ብር ክብደቱ ከጠገራ ጋር እኩል ነው። ለሳንቲም ሰብሳቢ ግን ዓመቱ፣ የመልኩ ጥራት፣ አንበሳው ያነሳው እግር ግራ ይሁን ቀኝ እንኳ ልዩነት ያመጣል። በአመድና በሎሚ ፈትጎ ማሳመር ደግሞ ዋጋውን ያወርደዋል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን የጠቆረ ፊት ነው፤ በሙያው “ፓቲና” ይሉታል፣ ዕድሜ በብረት ላይ የተወው ቀለም ማለት ነው።

የስፌት መኪናውንም ቶሎ እንጨርሰው። ውስጡ “ቀይ ሜርኩሪ” አለ የሚለው ወሬ እ.ኤ.አ. በ2009 ሳዑዲ አረቢያን አተራምሶ አሮጌ ሲንጀር በአስር ሺዎች ሪያል እንዲጠራ ያደረገ ነው። ቀይ ሜርኩሪ የተባለው ተአምረኛ ነገር መኖሩ የትም አልተረጋገጠም። መኪናው የሚያወጣው መስፋት ከቻለ የመስፊያ ዋጋ፣ ካልቻለ የጌጥ ዋጋ ነው። “የምርመራ ክፍያ” ቀድሞ የሚጠይቅ ደግሞ ገዢ አይደለም፤ ሥራው ያችን ክፍያ መሰብሰብ ነው።

ገዢ የማይከፍልበት ዋጋ

ሰው የራሱን ዕቃ አስወድዶ እንደሚያይ በሙከራ ጭምር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ካነማን፣ ኔትሽና ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ለግማሾቹ ተማሪዎች አንዳንድ ስኒ ሰጡ፣ ለሌሎቹ አልሰጡም። ከዚያ ተገበያዩ አሏቸው። ስኒ የያዙት ለመሸጥ የጠየቁት፣ ያልያዙት ለመግዛት ካቀረቡት እጥፍ ገደማ ነበር። ስኒው አንድ ነው። ይህን “የባለቤትነት ውጤት” ብለን ልንጠራው እንችላለን፤ የያዙት ነገር በመያዙ ብቻ ዋጋው ከፍ ብሎ መታየቱ። እነዚህ ስኒውን የያዙት ለደቂቃዎች ነው። የእናቷን ወለባ አርባ ዓመት የያዘችን ሴት እንግዲህ ገምቱ።

ታዲያ የትዝታ ዋጋ ከንቱ ግምት ነው ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ነው የአደባባዩ ወሬ የሚስተው። ትዝታው ሲጻፍና ሲረጋገጥ ወደ ታሪክ ዋጋ፣ ከዚያም ወደ ገበያ ዋጋ ይለወጣል።

አንድ የቤት ዳዊት ክፈቱ። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። የገጾቹ ታችኛ ማዕዘን ከአውራ ጣት ብዛት ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ቅጠል ላይ የጧፍ ነጠብጣብ አለ። የትኛው መዝሙር ብዙ እንደተደገመ ከእድፉ ይታወቃል፤ ሰው ሲጨንቀው የሚከፍተው ገጽ ከሌላው ይልቅ ያደፈ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ “ለገብርከ” ይልና የባለቤቱ ስም ይከተላል፣ ሴት ከሆነች “ለአመትከ”። አንዳንዴ ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፏል። ይህ መጽሐፉ እጅ መለወጡን ይናገራል። ባዶ ቅጠሎቹ ላይ ደግሞ የልጅ ልደት፣ የክርስትና ስም፣ የመሬት ውል፣ የዕዳ ዝርዝር ይገኛል። ከመዝሙሩ ጽሑፍ ይልቅ ለታሪክ አጥኚ እነዚህ ጥግ ላይ የተሞነጫጨሩት ናቸው ብርቁ። መዝሙረ ዳዊትማ የትም አለ።

አሁን ይህ ዳዊት ይሸጥ። ደላላው ይገዛዋል። ስሙን ይፍቀዋል፣ ከማን እንደመጣ እንዳይታወቅ። ሥዕል ያለበት ቅጠል ካለ ይቆርጠውና ለብቻው ይሸጠዋል። ሥዕል ከሌለው አዲስ ሥዕል አስሎ በጭስ ያስረጀዋል። አዲስ አበባ ሱቅ ሲደርስ “ከጎንደር የመጣ” ይባላል፣ ስሙ የሚሸጠው ጎንደር ስለሆነ። መንዝ ከዚያ መጽሐፍ ላይ ጠፋ።

በሙያው ይህ የጠፋው ነገር “ፕሮቬናንስ” ይባላል፤ ዕቃው ከየት ተነስቶ በማን በማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ ታሪክ። ውጭ አገር ያሉ ሙዚየሞች እ.ኤ.አ. ከ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት በኋላ ያለ ፈቃድ የወጣ ነገር ላለመግዛት ደንብ እያበጁ ሄደዋል፤ ጨረታ ቤቶችም ጫናው ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ የቀረበ የመቅደላ ጋሻ ከጨረታው ወጥቶ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ጋሻው ላይ የመቅደላ ስምና ዓመት ባይቀረጽበት ኖሮ የማን መሆኑን ማን ይከራከርለት ነበር? ታሪኩን ያጣ ዕቃ ለሰረቀው ሰው ብቻ ነው የሚመቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

አዋጅ 209/1992 የግል ባለቤትነትን አልሻረም። ቅርስ በመንግሥት ወይም በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል ይላል። ስለዚህ “ካስመዘገብኩት ይወስዱብኛል” የሚለው ፍርሃት ከአዋጁ የመጣ አይደለም። ፍርሃቱ ግን ከሰማይ አልወረደም፤ ንብረትን ማስመዝገብ ማለት መወረስ የነበረበትን ዘመን ያየ ሰው ዛሬም አለ።

ባለቤቱ ግዴታ አለበት። በራሱ ወጪ መጠበቅና መንከባከብ፣ ለእይታ ሲጠየቅ መፍቀድ፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ሲፈልግ አስቀድሞ ማሳወቅ። መንግሥት ቀድሞ የመግዛት መብት አለው። ለንግድ ብሎ ቅርስ መግዛትና መሸጥ የተከለከለ ነው። ከአገር ማውጣት ለጥናት ወይም ለባህል ልውውጥ ካልሆነ፣ ያውም በፈቃድ፣ አይቻልም። ቱሪስት ከመርካቶ ለገዛው አዲስ መስቀል እንኳ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት የሚያወጣው በዚህ የተነሳ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርስን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ይከፍላል። የእኛ ሣጥን ውስጥ ያለው አብዛኛው፣ ቅርስ ከተባለ፣ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል።

ሁለት ነገሮች ከዚህ ለየት ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ጽናውም፣ የመጾር መስቀሉም፣ የግምጃ ቤት ብራናውም። ችግሩ ከቤት የወጣ ዳዊትና ከግምጃ ቤት የወጣ ዳዊት ስሙ ከተፋቀ በኋላ ገበያ ላይ አይለይም። ሁለተኛው ጠመንጃ ነው። የአያት ምንሽር ግድግዳ ላይ ለጌጥ ቢሰቀልም ጠመንጃ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። “አይተኩስም እኮ” ማለቱ በዚህ ዘመን ኬላ ላይ አያስመልጥም።

ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ሐሳቡ ይከፋፈላል፣ ሁሉም ወገን የሚለው አለው።

ይሸጥ የሚለው ወገን የድሮውን የቃል ትርጉም ይዞ ይነሳል። ቅርስ ለክፉ ቀን ነው የተቀመጠው፣ ክፉ ቀን ደግሞ መጥቷል። ቤቱ የተቃጠለበትን፣ በሬው የተነዳበትን ሰው “ጠገራዋን አትንካት” ማለት ለተናጋሪው ይቀላል። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። ተራ ጠገራን በተመለከተ ትክክልም ይመስለኛል፤ ያቺ ሳንቲም ሥራዋ መጀመሪያውኑ ይኸው ነበር።

አይሸጥ የሚሉት የቅርስ ባለሙያዎች የሚፈሩት ሰንሰለቱን ነው። አንድ ቤት ሲሸጥ ገዢ ይበዛል፣ ገዢ ሲበዛ ሌባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እውነት ነው፣ ፍላጎት የሌለበት ስርቆት የለም።

በመሐል ያሉት ሰብሳቢዎች ናቸው፤ በራሳቸው ገንዘብ የድሮ ዕቃ የሚያሰባስቡ የከተማ ሰዎች። እኛ ባንገዛው ኖሮ ይቀልጥ ነበር ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ብዙ ነገር በእነሱ ተርፏል። ነገር ግን የሰብሳቢ ቤት ከሙዚየም የሚለየው መዝገብ ሲኖረው ነው። ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ቤት፣ መቼ፣ ለምን ይሠራ እንደነበር ያልጻፈ ሰብሳቢ፣ ዕቃውን በመስታወት ውስጥ ቢያስቀምጠውም ከደላላው ብዙ አይርቅም።

ሕጉም ቢሆን ክፍተት አለው። ንግዱን ከለከለ፣ መልካም። ግን ለመሸጥ የተገደደ ባለቤት በግልጽ ሄዶ ተመጣጣኝ ዋጋ የሚያገኝበት በር ጠባብ ነው። መንግሥት ቀድሞ የመግዛት መብት አለው ሲባል ገንዘቡም ይኖራል ማለት አይደለም። በሩ ሲጠብ ሰው በጓሮ ይወጣል፤ ጓሮ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ሚዛን የያዘው ነው። ክልከላው ላልቶ ገበያ ይከፈት የሚለውን ግን አልደግፍም። የተሰረቀውን ካልተሰረቀው መለየት ሳይቻል ገበያ መክፈት የግምጃ ቤቶቹን ቁልፍ እንደማደል ነው።

ሳይሸጥም ያልቃል

ስለ መሸጥ ስንከራከር ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያልቀውን እንረሳለን። ጎጆ ቤት የጠበቀው ዕቃ ቆርቆሮ ቤት ሲገባ ለምን ይበላሻል? አንዱ ምክንያት ጭስ ነው። የምድጃው ጭስ ዓይን ያነድዳል፣ ነፍሳትንም ያባርራል። ቆጥ ላይ የተቀመጠ አገልግልና ጠፍር በጭስ ታጥኖ ኖረ። ቆርቆሮ ቤት ጭስ የለውም። ቀን ይሞቃል፣ ማታ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይበርዳል፣ ንጋት ላይ ጣሪያው ያልበዋል።

ብራና ደግሞ ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በየቀኑ እንዲህ ሲሆን ቀለሙ ይረግፋል። በቅን ልቦና በፌስታል የሚጠቀልሉት አሉ፣ ይህ የባሰ ነው፤ ላቡን ውስጥ ያፍነውና ይሻግታል። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ከግድግዳና ከመሬት አርቆ፣ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ማኖር ይሻላል። ማኅደሩ ራሱ፣ ያ የቆዳ ቦርሳ፣ የተሠራው ለዚህ ነበር። ሱፍ የሆኑት ባናና በርኖስ በብል ያልቃሉ፤ አልፎ አልፎ አውጥቶ ማራገፍና ጥላ ውስጥ ማናፈስ ነው መድኃኒታቸው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ሜዳይ ሪባኑ በጸሐይ ይነጣል። የስንደዶና የአክርማ ስፌት በውኃ አይታጠብም፣ ይህን እናቶች ያውቁታል።

ለአምስት ወራሽ አንድ ዳዊት

የውርስ ጊዜ ነው የአያት ዕቃ በብዛት የሚበተነው። መሬቱ ይለካል፣ ከብቱ ይቆጠራል፣ ቤቱ ይገመታል። ዳዊት ግን ለአምስት አይከፈልም። ሽማግሌዎች ዕጣ ያጣጥላሉ፣ ወይም “ለሚደግምበት ይሰጥ” ይላሉ። አንዳንዴ ይሸጥና ብሩ ይከፋፈላል፤ ድርሻው ለአንድ ሰው የሁለት ቀን አስቤዛ አይሆንም።

እዚህ ላይ ስልክ ጥሩ ነገር አምጥቷል። የዕቃውን ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የተሰነጠቀበትን፣ የተጻፈበትን እያንዳንዱን ገጽ በጠዋት ብርሃን ማንሳት ይቻላል። ለአምስቱም ወራሽ ቅጂ ይደርሳል፣ ዕቃው አንዱ ጋ ይቀመጣል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን እየዞረ አንስቷል፤ ብዙ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ይገኙበታል። ከእነዚያ መካከል ዛሬ ዋናው ባይገኝ እንኳ ጽሑፉ የተረፈ አለ። ፎቶ ለተሰረቀ ዕቃም ማስረጃ ነው፤ ፖሊስ “አንድ የድሮ መጽሐፍ ጠፋብኝ” የሚልን ሰው የሚረዳበት ነገር የለውም፣ ከጎኑ የተቀደደ አርባኛው ቅጠል በፎቶ ሲቀርብ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ከፎቶው ጋር የሚጻፈው ነው የሚከብደው። ብዙ ሰው “ከአያት የተወረሰ” ይልና ያቆማል። የትኛዋ አያት? በእናት ወይስ በአባት? ከሞላሌ ለትዳር ስትመጣ ይዛው የመጣች ነው ወይስ እዚሁ የተገዛ? በርኖሱን የለበሱት ሰውዬ ምን ላይ ለበሱት፣ ሠርግ ላይ ወይስ ዳኝነት ሲቀመጡ? ዋንጫዋ የተሰነጠቀችው በማን ድግስ ነው? ይህን የሚያውቁ አንድ ሁለት ሰዎች በየቤቱ አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡት ናቸው፤ ጥያቄው ሲጠየቁም መጀመሪያ የሚሉት “ምነው፣ ልትሸጡት ነው?” ነው።